«ማን ሰማቸው?» — «ኦሮማይ»ን ከወላጆቻችን ጋር ስናነብ

በዚህ ዓመት የንባብ ቡድናችን ያነበበው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። ስንመርጠው ብዙም አልተጨነቅንበትም። የፈተና ሰሞን ስለነበር ሁላችንም የፈለግነው አንዴ ከተከፈተ የማይዘጋ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን የምናነበው፣ ከስታቲስቲክስ የሚያሳርፈን የስለላ ልብ ወለድ ነበር። ገሚሶቻችን ከፍሬድሪክ ፎርሳይት መጻሕፍት አንዱን በዕብራይስጥ እናንብብ አልን። ነርሲንግ የምትማረው ጓደኛችን ግን «ነገሩ የስለላ መጽሐፍ ከሆነ እኛ ቤት ቡፌው ውስጥ አንድ አለ፤ አባቴ ማንም እንዲነካው አይፈልግም» አለች። ይህን ከሰማን በኋላ ሌላ ምርጫ ያቀረበ የለም።

ዘጠኝ ነን። ከዘጠኛችን የአማርኛ ፊደል ሳንደናቀፍ የምናነበው ሦስት ብቻ ነን። አራታችን በ2025 የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ገዛን። ሁለታችን ደግሞ በጆሯችን አነበብነው፤ ማታ ማታ አባት ወይም እናት ጮክ ብለው እያነበቡልን። በአማርኛ የምናነበውም ብንሆን በየገጹ የሚያስቆመን ቃል አይጠፋም። ያን ጊዜ ስልክ አንሥተን ቤት እንደውላለን፤ «እማዬ፣ ሰርጎ ገብ ምን ማለት ነው?» እንላለን። እንዲህ እንዲህ እያለ ማንም ሳይጋብዛቸው ወላጆቻችን የቡድኑ አባላት ሆኑ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገንም እሱ ነው፤ እኛ የሰጠነው አስተያየትና እነሱ የሰጡት አስተያየት ስለ አንድ መጽሐፍ የተሰጠ አይመስልም ነበር።

ላላነበባችሁት ጥቂት እንበል። ታሪኩ የሚጀምረው በታኅሣሥ 1974 ዓ.ም.፣ በእናንተ አቆጣጠር በ1981 መጨረሻ ነው። ታዋቂው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ይበራል። ደርግ በኤርትራ የነበረውን የትጥቅ ትግል ለመጨረሻ ጊዜ እደመስስበታለሁ ብሎ ባቀደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ ተልኳል። አዲስ አበባ ሮማን የምትባል እጮኛ ትጠብቀዋለች፤ አስመራ ላይ ደግሞ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ከተማዋ በሰላይ ተሞልታለች፤ በየቡና ቤቱ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። ከዚያ ፀጋዬ ከጦሩ ጋር ወደ ተራሮቹ ይወጣል። እዚያ የሚያየው ጦርነት ለሕዝብ እንዲናገር ከታዘዘው ጋር አይገናኝም። መጨረሻውን አንነግራችሁም። ርዕሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ነው፤ «አለቀ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ ወዲያ» እንደ ማለት።

የደራሲው የራሱ ታሪክም ከልብ ወለዱ አያንስም። በዓሉ ግርማ «አዲስ ዘመን»ን ጨምሮ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን ያዘጋጀ ጋዜጠኛ ነበር። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ራሱም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዷል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ታግዶ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። በመጽሐፉ ምክንያት መንግሥት እንዳስገደለው የብዙዎች እምነት ነው።

ልጆቹ ምን አልን

የመጀመሪያው ክርክራችን ስለ ፍጥነቱ ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው ጓደኛችን በሁለት ሌሊት ጨርሶት መጣ። በዓሉ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ስለሆነ፣ ሰዎቹም ሲናገሩ አፍ ላፍ ስለሚነጣጠቁ፣ ገጹ ሳይታወቅ ይገለበጣል አለ። ሕግ የምትማረዋ አልተስማማችም። ለእሷ መጽሐፉ በስብሰባ፣ በማዕረግና በንግግር ተሞልቷል፤ «ሰላይ ፍለጋ ገብቼ ግማሹን ሌሊት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ አደርኩ» ስትል ሁላችንም ሳቅን። ቀስ ብሎ የመለሰላት በእንግሊዝኛ ያነበበው ሌላው ልጅ ነው። «ዋናው ስለላ እኮ ያለው እዚያ ስብሰባ ላይ ነው» አለ። ሁሉም የማያምንበትን እየተናገረ፣ ሌላውም እንደማያምንበት እያወቀ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሳሳት እየተጠባበቁ ነው የተቀመጡት። ከዚያ በኋላ እሷም ተመልሳ እነዚያን ገጾች አነበበች፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

ሁለተኛው ክርክር የፊያሜታ ነበር። ከመካከላችን ያሉት ሴቶች ብዙ ተናገሩ። ፊያሜታን የምናያት በአብዛኛው በወንድ ዓይን ነው፤ ከሐሳቧ በፊት መልኳ ይመጣል። ሮማንም ብትሆን እየጠበቀች የምትቀና ሴት ሆና ቀርታለች የሚል ቅሬታ ተነሣ። የተከላከለላት ደግሞ የምሥጢር ሴት ከውጭ ብቻ መታየቷ ልክ ነው፤ ሐሳቧን ብናውቅ ምሥጢር የት ይቀር ነበር ብሎ ተከራከረ። በዚህ ነጥብ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ማንም ያልተጨቃጨቀበት ስለ ቋንቋው ነው። የአስመራ ሰው ሲያወራ ትግርኛው፣ አማርኛውና ጣሊያንኛው ይቀላቀላል። በ«ንጹሕ አማርኛ» እጦት ስንወቀስ ያደግን ልጆች ይህ በጣም ደስ አለን። «እማዬ፣ ለኩፓት ሆሊም ቶር ይዤልሻለሁ» እያለ ላደገ ሰው፣ የተቀላቀለ አፍ በትልቅ ደራሲ እጅ ገብቶ በመጽሐፍ ሲያየው እንደ ምስክር ወረቀት ነው።

በተዋጊ ክፍል ያገለገለው ጓደኛችን ስለ ውጊያው ክፍል ስንጠይቀው «እዚያ ስደርስ ለአንድ ሳምንት አስቀመጥኩት» ብቻ አለ። ሌላዋ ጓደኛችን የምትሠራበት ምግብ ቤት ውስጥ አብራት የምትሠራ ኤርትራዊት አለች፤ መጽሐፉን ታውቀዋለች። የእሷን አስተያየት ይዛልን መጣች፦ «ስለ ጦርነቱ አልዋሸም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። አስመራን ግን ለጥቂት ቀን እንደመጣ እንግዳ፣ እንደ ቆንጆ ሴት ነው ያያት። ለእኛ የምንኖርባት ከተማ ነበረች።» ይህን ከሰማን በኋላ ስለ ቡና ቤቶቹ የተጻፈውን እንደ በፊቱ ልናነበው አልቻልንም።

ወላጆቹ ምን አሉ

አሁን ወደ እነሱ እንምጣ። ማታ ማታ ሲነበብላት ከምትሰማው ጓደኛችን ጋር እናቷም ቁጭ ብላ ታዳምጣለች፤ አንባቢው አባት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ ዘመቻው የሚያወሩበት ቦታ ላይ ሲደርስ እናትየው አስቆመችው። «ቆይ፣ ማን ሰማቸው?» አለች። አባትየው መጽሐፉ ስለዚያ ምንም እንደማይል ነገራት። «አስተናጋጇስ የት ናት? ጀርባቸውን ለማን ሰጥተው ነው የተቀመጡት?» ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምዕራፉ ይህ ጥያቄ ተነሣ። ሁለት ሰው ባወራ ቁጥር፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር፣ ሰው ለሰው የመኪና በር በከፈተ ቁጥር፦ ማን ሰማቸው?

እኛ እስከ መጨረሻው ሰላዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉተን ስናነብ፣ እሷ ገና ከመጀመሪያው ሁሉም ሰው ሊሆን እንደሚችል አውቃ ነው የተቀመጠችው። ልብ የሚያንጠለጥላት የሰላዩ ማንነት አልነበረም። የሚያስጨንቃት የሰዎቹ አለመጠንቀቅ ነበር።

በኋላ ቁጭ ብለን ስናስበው ልዩነቱ ያለው ቃሉ ላይ እንደሆነ ገባን። እኛ «ሰላይ» ስንል የሚመጣልን ሞሳድ ነው፤ ፓስፖርት የሚቀያይር፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ ፊልም የሚሠራለት ሰው። እነሱ የሚያውቁት ግን ሌላ ቃል ነው፦ ጆሮ ጠቢ። ጆሮ ጠቢ ፓስፖርት አያስፈልገውም። ጎረቤት ነው፤ ቀበሌ የሚሠራ ዘመድ ነው፤ ገበያ ላይ አጠገብህ እህል የሚሰፍር ሰው ነው። መላኩ ተፈራ የደርግ ተጠሪ ሆኖ በጎንደር በተሾመበት፣ ወጣት በየቤቱ እየታደነ በተገደለበት ጊዜ ያደገ ሰው፣ አንድ ቃል ሰው እንደሚያስገድል ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም።

መጽሐፉን ቡፌ ውስጥ የቆለፈው አባትም በመጨረሻ አወራን። በ1975 ዓ.ም. ጎንደር ተማሪ ነበር። የስለላ መጽሐፍ ይወድ ነበር፤ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን እያሳደደ አንብቧል። ደማስቆ ላይ የተሰቀለውን የኤሊ ኮኸንን ታሪክ እኛ እዚህ ትምህርት ቤት ከመማራችን ብዙ ዓመት በፊት እሱ ጎንደር ሆኖ በአማርኛ አንብቦታል። «ኦሮማይ» ሲታገድ አንድ ቅጂ ከአዲስ አበባ መጣ። የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ተለብጦበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ለእሱ የደረሰው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ሲነጋ ባለተራው በር ላይ ይቆማል። ኩራዝ አብርቶ፣ ብርሃኑ በመስኮት እንዳይታይ ጋቢ ጋርዶ ጨረሰው። መጽሐፉ ፈጣን ነው ወይስ አይደለም ብለን እንደተከራከርን ስንነግረው ሳቀና «እኔን ያስሮጠኝ ፍርሃቱ ነው። መጽሐፉ ምን ያህል እንደሚሮጥ ያየሁት እዚህ አገር መጥቼ፣ ገዝቼ፣ ቀን በቀን ሳነበው ነው» አለን። የቆለፈው ቅጂ ይህ የገዛው ነው። እንዳይጠፋበት ነው የቆለፈው ብለን ነበር፤ ምክንያቱን ሲነግረን ግን «ልማድ ነው» አለ።

ሁሉም ወላጅ እንዲህ አላወራም። የአንዱ ጓደኛችን አጎት በደርግ ጊዜ በግዳጅ ተወስዶ ሰሜን ጦር ውስጥ ነበር። የውጊያው ክፍል ሲነበብ ተነሥቶ በረንዳ ላይ ወጣ፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ተመልሶ ገባ። አስተያየቱ እሱ ነበር፤ ተጨማሪ አልጠየቅነውም። ከሽሬ አካባቢ የመጣው፣ ትግርኛ ተናጋሪው የሌላው አባት ደግሞ የትግርኛ ስሞቹን አጠራራችንን እያረመ አነበበልንና «ይህ ሰው ጦርነቱን ያየው ከአውሮፕላን ወርዶ ነው፤ እኛ ያየነው ከእርሻችን ላይ ቆመን ነው» አለ። ኤርትራዊቷ ካለችው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ያልነው በኋላ ነው።

በእነዚያው ዓመታት

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በወረቀት ላይ ሁለት መሥመር አሰመርንና በአንዱ የመጽሐፉን፣ በሌላው የቤተሰቦቻችንን ዘመን ጻፍን። ፀጋዬ በ1974 ዓ.ም. አስመራ ሲያርፍ፣ ከትግራይና ከወልቃይት ወገን የሆኑት አያቶቻችን ሱዳን መግባት ጀምረዋል። በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ሲጠፋ፣ የጎንደሮቹ በሌሊት ከየመንደራቸው እየወጡ ነበር፤ ኡም ራኩባ የሚባለው የስደተኞች ካምፕ እየሞላ፣ ሰውም እየሞተ ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1984 የሙሴ ዘመቻ ተጀመረ፤ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ሲቋረጥ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ደርሷል። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 ይሆናሉ፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ነው።

ታዲያ የስለላ መጽሐፍ ያስፈልገን የነበረው ለምንድን ነው? ከአገር መውጣት በተከለከለበት፣ ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት በሚጠየቅበት ጊዜ አንድ መንደር ሙሉ ሰው ጠፍቶ ማደር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም ነበር። «ኦሮማይ» ስለተነበበ ተጠየቀ። በሬ አይሸጥም፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ መሄዱን በአዋጅ እንደነገረ ይቆጠራል። ሊጡ እንደተቦካ ይቀራል። ለጎረቤት «ለቅሶ ደርሰን እንመጣለን» ይባላል፤ ጎረቤቷ ክርስቲያን ብትሆንም ሃያ ዓመት ቡና አብራ የጠጣች፣ የምትወደድ ሴት ናት፤ እሷም አትሰማም። ለልጅ ምንም አይነገረውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሱዳን ከደረሱ በኋላም አይሁድ መሆንን መደበቅ ነበረባቸው፤ ሰንበትን በሆዳቸው አከበሩ። በካምፑ ውስጥ ሌሊት ስም እየመዘገቡ ቤተሰብ በቤተሰብ የሚያወጡት «ኮሚቴ» የሚባሉት የእኛው ልጆች ነበሩ። ፊልም አልተሠራላቸውም።

ፊልም የተሠራው ለሌላው ወገን ነው። ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ አሩስ በሚባል ቦታ የጠላቂዎች መዝናኛ ከፍቶ፣ ሆቴሉን ሽፋን አድርጎ ሰው ማውጣቱ እውነት ነው። በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው የጌዲዮን ራፍ ፊልም የተሠራው በዚያ ላይ ነው። ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ ፈጣን ነው፣ ይይዛል። ነገር ግን ወላጆቻችን እዚያ ውስጥ በጨለማ የሚሮጡና መኪና ላይ የሚጫኑ ሰዎች ናቸው። መንገዱን ከጀመሩት አንዱ በሆነው በፈረደ አክሉም አምሳል የተሣለው ሰው እንኳ ከክሪስ ኢቫንስ ኋላ ነው የቆመው። ያን ፊልም አብራን ያየች አያት ሲያልቅ ያለችውን ግን አሁን ነው የገባን፦ «መኪናው ሲመጣ እኮ ሥራው አልቆ ነበር።»

እንግዲህ ስለ ፈጣን የስለላ ታሪክ ያለን አስተያየት ይህ ሆነ። ፍጥነት የሚመጣው ታሪኩን ከየት ላይ እንደምትጀምረው ነው። ከመኪናው ከጀመርክ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከበሬው ከጀመርክ ግን ወራት ነው፤ የወራቱ ሥራም ዝም ማለት ነው። ዝምታ በፊልም አይታይም፤ በመጽሐፍም ለመጻፍ ይከብዳል። «ኦሮማይ» ከሌሎቹ የሚሻልብን አልፎ አልፎ ይህን ስለሚያሳይ ነው፦ የሚያውቀውን የማይናገር ሰው አጠገብ መቀመጥ ምን እንደሚመስል።

የሚጠይቅ ሰው

ከቡድኑ ሶሻል ወርክ የምንማረው ሁለት ነን፤ ቀጥሎ ያለው ሐሳብ በተለይ የእኛ ነው፤ ሌሎቹም ተስማምተውበታል። ለተግባር ልምምድ የሚላክ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው መጠየቅ ነው። ስንት ልጅ አለ? ቤት ውስጥ ከማን ጋር ትኖራላችሁ? ገቢው ከየት ነው? ከባለቤትሽ ጋር እንዴት ናችሁ? በፈገግታ ጠይቁ፣ ዓይን ለዓይን እያያችሁ ጠይቁ፣ የሚመለሰውን ጻፉ እንባላለን። ከማኅበረሰባችን የሆነች እናት ስትመጣ አጭር ትመልሳለች፤ «ደህና ነው»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «ችግር የለም»። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ላይ በዕብራይስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል፦ አትተባበርም።

«ኦሮማይ»ን ካነበባችሁ በኋላ ያንን ክፍል በእሷ ወንበር ተቀምጣችሁ እዩት። የማታውቃት ሰው በትሕትና ተቀብላታለች። በሩ ተዘግቷል። ሴትየዋ ስለ ቤቷ፣ ስለ ባሏና ስለ ልጆቿ ትጠይቃለች፤ የተባለውን ሁሉ ትጽፋለች፤ የተጻፈው ወዴት እንደሚሄድ አይነገራትም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ደግ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር የሚፈልግ ነው፤ የሚጽፈው ደግሞ ለአንድ ሰው ያቀርባል። ያቺ እናት ይህን ትምህርት የተማረችው ገና በልጅነቷ ነው። «ማን ሰማቸው?» ያለችው የጓደኛችን እናት በኦቬዴት ሶሲያሊት ፊት ብትቀመጥ ምን እንደምትመልስ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ዝም አይነቅዝም።

ፍርሃቷ ያለፈ ዘመን ትዝታ ብቻ ነው ብለን እንዳንዘጋውም የሚከለክለን ነገር አለ። እዚህም ቢሆን ፋይል ላይ የተጻፈ ቃል ይሠራል። ልጅ ወደ አዳሪ ቤት ይላክ ወይስ እቤቱ ይቆይ፣ ቤተሰቡ እርዳታ ያግኝ ወይስ አያግኝ የሚወሰነው ከዚያ ወረቀት ላይ ተነሥቶ ነው። መጠንቀቋ ትርጉም አለው። እንደ በሽታ ሊታይ አይገባም።

እኛም ብንሆን ለዚህ ሥራ እንግዶች አልነበርንም። በስምንትና በዘጠኝ ዓመታችን በክሊኒክ፣ በባንክና በወላጆች ስብሰባ አስተርጓሚ የሆንን ልጆች ነን። መምህሯ ያለችው አንድ ነው፤ ለእናት የሚደርሰው ስለቱ ተሞርዶ ነው። እናት የመለሰችው ሌላ ነው፤ ለመምህሯ የሚደርሰው ተለስልሶ ነው። ሁለቱም ወገን እኛን ያምናል። ጦርነቱን ለጆሮ እንዲመች አድርጎ የሚያቀርበውን ፀጋዬን ስናነብ ብዙዎቻችን ፈገግ ያልነው ለዚህ ነው፤ ሥራውን እናውቀዋለን።

ከዚህ ንባብ በኋላ በልምምዳችን የለወጥናቸው ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ከመጠየቃችን በፊት ለምን እንደምንጠይቅና መልሱን ማን እንደሚያየው እንናገራለን። የጻፍነውን መልሰን በአማርኛ እናነብላታለን፤ «እንዲህ አላልኩም» ካለች ይሰረዛል። የት መቀመጥ እንደምትፈልግ እንጠይቃለን፤ ብዙዎቹ በሩን ማየት ይፈልጋሉ። ቤቷ ሄደን ቡና ከቀረበም አቦል ጠጥተን አንነሣም፤ ዋናው ነገር የሚወራው ብዙ ጊዜ በረካ ላይ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የሚመደበው ሰዓት ለዚህ አይበቃም። አለመብቃቱን ግን ሪፖርቱ ላይ እንጽፋለን፤ «አትተባበርም» ከማለት «ጊዜ አልተሰጣትም» የሚለው ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ይነበብ ወይስ አይነበብ?

በመጨረሻው ስብሰባችን ድምፅ ሰጠን። ስድስታችን ለጓደኛ እንሰጣለን አልን። ሁለቱ ለጓደኛ ይሰጣሉ፤ ግን የስብሰባዎቹን ገጾች ዝለል ብለው ነው። ሕግ የምትማረዋ «ለፈተና ሰሞን አይሆንም» ብላ ጸናች። ወላጆቹ ድምፅ አልሰጡም፤ ያቺ እናት ግን መጽሐፉ ሲያልቅ ጥቂት ዝም ብላ «ምስኪን፣ አለመጠንቀቁ» ብላለች። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ የመጽሐፉን ሰውዬ ይሁን ደራሲውን።

የቡፌው ቅጂ አሁን ወጥቷል። ባለቤቱ ራሱ ነው ያወጣው፤ «አሁን ማን ይሰበስበዋል!» አለ። ከረሆቦት ወደ ቂርያት ማላኺ፣ ከዚያ ወደ አሽዶድ ሄዶ እስካሁን አራት ቤት ዞሯል። ሽፋኑ ላይ የቡና ክብ አርፎበታል፤ የሌላ መጽሐፍ ልባስ የለበትም። አባትየው አሁንም በየሳምንቱ የት እንደደረሰ ይጠይቃል። በአሁኑ ጊዜ ያለው ነታንያ ነው። ተራ የሚፈልግ ስሙን ለማኅበሩ ይስጥ፤ አንድ ሌሊት ብቻ ብለን አናጣድፍም። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት።